በወታደር አውሮፕላን በነፃ መሄድ፦ ስለ ስፔስ-ኤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ወታደር ያለበት የሐበሻ ቤት ሁሉ አንድ ቀን ይህ ወሬ ይነሳበታል። «በነፃ የምትሄዱበት አውሮፕላን አለ አሉ፣ እውነት ነው?» እውነት ነው። ወገኖቻችን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። አንዳንዶቹ በግሪን ካርድ የገቡ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ከ2009 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ዜጎችን ይቀበል በነበረው የማቭኒ ፕሮግራም የገቡ ናቸው፤ አማርኛም ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ይመጣል፣ ደጋግሞም ይመጣል። መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስፔስ-ኤ ምንድን ነው?

የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ጭነት ወይም ወታደር ይዞ ለሥራ ሲነሳ ባዶ ወንበር ከተረፈ፣ መብት ያለው ሰው ይሳፈርበታል። ይኸው ነው። ለእናንተ ተብሎ የሚነሳ በረራ የለም። ወንበር አይያዝም፣ ቲኬት አይቆረጥም፣ ቃል የሚገባላችሁም የለም። ነገሩን የሚመራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢሊኖይ በሚገኘው ስኮት የአየር ኃይል ቤዝ የሆነው የአየር ማጓጓዣ ዕዝ ነው።

የምትከፍሉት ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ይጠቀምበታል። ጊዜ የሌለው ሰው ተርሚናል ውስጥ ሁለት ቀን ተኝቶ፣ በመጨረሻ በአስቸኳይ ዋጋ ቲኬት ገዝቶ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ማን ነው መብት ያለው?

በሥራ ላይ ያለ ወታደር ፈቃድ ወጥቶ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ የሪዘርቭና የናሽናል ጋርድ አባል (ለእነሱ መዳረሻው አሜሪካና ግዛቶቿ ናቸው)፣ እና መታወቂያ ያላቸው ጥገኞች። ጥገኛ ሲባል ሚስት ወይም ባል፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆኑ ደግሞ እስከ 23 ዓመት ድረስ ያሉ ልጆች ናቸው።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ደግሞ በአገልግሎት ምክንያት መቶ በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት የተወሰነላቸውን የቀድሞ ወታደሮች ጨምሯል። ነገር ግን የእነሱም መብት አሜሪካ ውስጥ፣ ወደ አላስካና ሃዋይ፣ ወደ ፖርቶ ሪኮና ጉዋም የመሳሰሉት ግዛቶች ነው። አውሮፓ የለበትም። ይህን ብዙ ሰው ሳያውቅ ሻንጣ ያዘጋጃል።

አራት ዓመት አገልግዬ በክብር ወጥቻለሁ። እችላለሁ?

አይቻልም። ጡረታ ላይ ካልደረሳችሁ ወይም ከላይ ያለው የጉዳት ደረጃ ከሌላችሁ፣ የቀድሞ ወታደር መሆን ብቻውን አያሳፍርም። ያናድዳል፣ ግን ሕጉ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ይዣት ሃዋይ ልሂድ?

አይሆንም። በቱሪስት ቪዛ የመጣች እናት፣ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ እጮኛ፣ አንዳቸውም አይሳፈሩም። ከወጪዋ ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው ወታደሩ መሆኑ ተጣርቶ የጥገኛ መታወቂያ የተሰጣት እናት ጉዳይዋ ሌላ ነው፤ ለሷ ተርሚናሉን ጠይቁ። ለሌላው ዘመድ ግን ተርሚናል ሄዶ መለማመጥ ትርፉ መሳቀቅ ነው። ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ ስም ካላየ ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ምድቦቹ ስንት ናቸው? ለምንስ ይጠቅማሉ?

ስድስት ናቸው። ወረፋው የሚሠራው በእነሱ ነው፣ ስለዚህ የራሳችሁን ማወቅ አለባችሁ።

አንደኛው ምድብ የአስቸኳይ ፈቃድ ነው፤ ቤተሰብ ሲሞት ወይም በጠና ሲታመም። ሁለተኛው ኑሮ በሚከብድባቸው የውጭ ቤዞች ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጥ የእረፍት ጉዞ ነው። ሦስተኛው ብዙ ወታደር ያለበት ነው፤ ተራ የዓመት ፈቃድ የወጣ ወታደርና አብረውት የሚጓዙ ጥገኞቹ እዚህ ናቸው። አራተኛውና አምስተኛው በአብዛኛው ወታደሩ አብሯቸው ሳይኖር ብቻቸውን የሚጓዙ ጥገኞች ናቸው። ስድስተኛው የጡረተኞች፣ የሪዘርቮችና የጉዳተኞች ነው።

ባለቤታችሁ ግዳጅ ላይ ከሆነ ይህን አስተውሉ። ግዳጁ 30 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ እናንተ ብቻችሁን በአራተኛው ምድብ መሄድ ትችላላችሁ። 365 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሦስተኛው ትወጣላችሁ። ከአዛዡ የተጻፈ ደብዳቤ ግን በእጃችሁ መኖር አለበት። የጡረተኛ ሚስት ወይም ባል ግን ያለ ጡረተኛው ብቻዋን ወይም ብቻውን መሄድ አይፈቀድም።

እንዴት ነው የምመዘገበው?

በኢሜይል፣ ወይም ተርሚናሉ ድረስ ሄዳችሁ። የምትሞሉት ፎርም አለ፤ ስም፣ ምድብ፣ የተጓዦች ብዛት፣ እስከ አምስት የሚደርሱ መዳረሻዎች። አምስተኛው ላይ «የትም» ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል። ጻፉት። አንዳንዴ ወደ ጀርመን የሚያደርሳችሁ ወደ ስፔን የሚሄደው አውሮፕላን ነው።

ምዝገባው ለ60 ቀን ይቆያል። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ግን መመዝገብ የሚችለው ፈቃዱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ነው፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ምዝገባውም አብሮ ያልቃል። ጡረተኛ ይህ ገደብ የለበትም። ስለዚህ ብልህ ጡረተኛ ሊሄድ ካሰበበት ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይመዘገባል። ሊነሳባቸው በሚችሉት ተርሚናሎች ሁሉ ይመዘገባል፤ ለመመለሻውም እዚያው ከቤቱ ሆኖ ኢሜይል ይልካል። በአንድ ምድብ ውስጥ ቀድሞ የተመዘገበ ይቀድማል።

የላካችሁትን ኢሜይል አትማችሁ ያዙ። «አልደረሰንም» ሲባል ቀንና ሰዓቱ ያለበት ወረቀት ያድናል።

የስም ጥሪው እንዴት ነው? ሰው ሁሉ ስለሱ ያወራል።

ለማያውቀው ሎተሪ ይመስላል። አይደለም። መጀመሪያ ተርሚናል ደርሳችሁ «መጥቻለሁ» ብላችሁ ትመዘገባላችሁ፤ ከጥሪው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ማለት ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ከሁለት ወር በፊት ቢመዘገብም ስሙ አይጠራም። ከዚያ በተባለው ሰዓት ሠራተኛዋ መነጋገሪያውን ይዛ ወጥታ «ለዚህ በረራ ሃያ ወንበር አለ» ትላለች። ከላይኛው ምድብ ጀምራ ትጠራለች።

ስክሪኑ ላይ ከስማችሁ ጎን የምታዩት ቁጥር ግራ ያጋባል። የተመዘገባችሁበት ቀን የሚጻፈው በወርና በቀን ሳይሆን ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ በተቆጠረ የቀን ቁጥር ነው። ፌብሩዋሪ 10 ማለት 041 ነው። ከሁለት ካሌንደር ጋር ለሚኖር ሰው ሦስተኛው አይከብድም። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ለእናንተ ጥሩ ነው፤ ከእናንተ ያነሰ ቁጥር የያዙትን ከቆጠራችሁ ዕድላችሁን ሠራተኛዋ አፏን ሳትከፍት ታውቁታላችሁ።

ስትጠሩ ሻንጣችሁ እጃችሁ ላይ፣ መኪናችሁ በረጅም ጊዜ ማቆሚያ፣ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ መሆን አለባቸው። «ባለቤቴ ሽንት ቤት ናት» የሚል ሰው ወንበሩ ለሚቀጥለው ይሰጣል። አብራችሁ የምትጓዙት አራት ሆናችሁ የቀረው ሦስት ወንበር ከሆነ ደግሞ እዚያው መወሰን አለባችሁ፦ ተከፋፍሎ መሄድ ወይስ ሁላችሁም መቅረት። ይህን ቤት ተነጋግራችሁ ኑ። ጥሪው ላይ ባልና ሚስት ሲከራከሩ ማየት አያስደስትም።

በረራዎችን ቀድሜ ማወቅ እችላለሁ?

ለ72 ሰዓት ያህል። ተርሚናሎቹ የሦስት ቀን ፕሮግራማቸውን ያወጣሉ። ከመዳረሻው ጎን ቁጥርና ፊደል አለ። «20ኤፍ» ከሆነ ሃያ ወንበር የተረጋገጠ ነው። «20ቲ» ከሆነ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። «ቲቢዲ» ከተባለ ገና አልታወቀም። የተረጋገጠ የተባለውም ቢሆን ጠዋት ጭነት ከተጨመረ ሊሰረዝ ይችላል፤ «ኤፍ» አይቶ የሆቴል ክፍያ የሚፈጽም ሰው ለኔ ጀብደኛ ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ወታደሩ ሁሉ ከነቤተሰቡ ቤዝ የሚቀይርበት ጊዜ ነው። የፈረንጆች ገና ሲደርስም እንዲሁ ይጨናነቃል። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት እና በጥቅምትና ኅዳር መካከል ጡረተኛም ሳይቀር በቀላሉ ይሄዳል።

እውነት ነፃ ነው?

በጦሩ አውሮፕላን ከሆነ አዎ፣ ነፃ ነው። በረራው ረጅም ከሆነ በጥቂት ዶላር ሣጥን ምግብ መግዛት ይቻላል፦ ሳንድዊች፣ ቺፕስ፣ ፍራፍሬ። እኔ ከቤት ድፎ ዳቦ መያዝን እመርጣለሁ። ፓትሪዮት ኤክስፕረስ የሚባለው ደግሞ ጦሩ የተከራየው ተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ ለምሳሌ ከባልቲሞር ጀርመን ወዳለው የራምስታይን ቤዝ ይሄዳል። ምግብ አለው፣ ወንበሩም እንደማንኛውም አየር መንገድ ነው፤ አነስተኛ የመንግሥት ታክስ ግን ያስከፍላል። በዚህ ዕድል ከሰጣችሁ አታመንቱ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ምን ይመስላል?

እንደ አውሮፕላኑ ነው።

ሲ-17 ላይ በግድግዳው ተደግፋችሁ፣ ፊት ለፊት ያለውን ጭነት እያያችሁ ነው የምትቀመጡት። በጎን በጎን 54 የግድግዳ ወንበር አለው። መስኮት የለም ማለት ይቻላል። ስትገቡ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣችኋል፤ አትናቁት። አውሮፕላኑ ከፍታው ላይ ደርሶ ሠራተኞቹ ሲፈቅዱ፣ ልምድ ያለው ሰው ምንጣፉን አውጥቶ በጭነቱና በወንበሩ መሃል ወለሉ ላይ ይዘረጋና ይተኛል። ይህ የስፔስ-ኤ ቢዝነስ ክላስ ነው። ወለሉ ግን ብረት ነው፣ ብርዱም ከታች ወደ ላይ ነው የሚገባው፤ ምንጣፍና ወፍራም ካልሲ የሌለው ሰው ሌሊቱን እንደቆመ ያሳልፈዋል።

ሲ-5 ግዙፉ ነው። ተሳፋሪው ከጭነቱ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ይቀመጣል፤ 73 ወንበር፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጭራው ያዞሩ። ወደ ኋላ እየሄዱ መነሳት መጀመሪያ ላይ ሆድ ያላውሳል። የሚወጣበት መሰላል ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ቀላል አይደለም። ተበላሽቶ በማሳደርም ስሙ የታወቀ ነው።

ኬሲ-135 ነዳጅ ለሌሎች አውሮፕላኖች አየር ላይ የሚቀዳ ነው። ጭንቅላታችሁ ይሞቃል፣ እግራችሁ ይበርዳል። ሠራተኞቹ ደግ ከሆኑና ነዳጅ የሚቀዳበት በረራ ከሆነ ግን ከኋላ ባለው መስኮት ተዋጊ ጄት ከሥራችሁ ቀርቦ ሲጠጣ ታያላችሁ። ልጅ ይህን ካየ ዕድሜ ልኩን ያወራዋል።

ሲ-130 ሄርኩለስ ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእንግሊዝ አየር ኃይል እህል ያመላለሰበትና ከአየር ላይ የጣለበት እሱ ነው። ዛሬም ያው ነው፤ ጩኸቱ ከባድ፣ መጸዳጃው በመጋረጃ የተከለለ ነገር። አጭር መንገድ ከሆነ ይቻላል። ከመሳፈር በፊት ቡና አለመጠጣት ነው።

ምን ልልበስ? ስንት ሻንጣ?

የተሸፈነ ጫማ፣ የሚደራረብ ልብስ፣ ኮፍያ። ነጠላ ጫማና ተረከዙ ረጅም ጫማ በጭነት አውሮፕላን አይፈቀድም። ጋቢ ያለው ጋቢውን ይያዝ፤ ለዚህ ከሱ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ሻንጣ ለአንድ ሰው ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ እስከ 70 ፓውንድ፣ ማለትም 32 ኪሎ ገደማ። ትንሽ አውሮፕላን ከመጣ ግን ጠቅላላው 30 ፓውንድ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዘ ሰው እነዚያን በረራዎች በገዛ እጁ ዘግቷቸዋል ማለት ነው። ቀለል ብሎ የሄደ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ያደርሰኛል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱ፦ አያደርስም። ቦሌ የስፔስ-ኤ መዳረሻ አይደለም። ጎረቤት ጅቡቲ ካምፕ ሌሞኒዬ የሚባል የአሜሪካ ቤዝ አለ፤ እሱ ግን የግዳጅ ቦታ እንጂ የእረፍት መተላለፊያ አይደለም። «ጅቡቲ ወርጄ በባቡር እገባለሁ» የሚለው ሐሳብ ጨዋታው ያምራል፣ ሥራ ላይ ግን አታውሉት።

የሚሠራው ግማሽ መንገዱን በነፃ ሄዶ ግማሹን መግዛት ነው። ከዶቨር ወይም ከማክጓየር ቤዝ፣ ወይም ከባልቲሞር ወደ ጀርመን ራምስታይን ትሄዳላችሁ። ከዚያ ፍራንክፈርት በመኪና ወይም በባቡር ሩቅ አይደለም። ከፍራንክፈርት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። ገንዘብ ይቆጥባል ወይ? ለጡረተኛና ለሚስቱ፣ ወቅቱ ባዶ ከሆነና መድረሻ ቀን ካልተቆረጠ፣ ሊቆጥብ ይችላል። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ለሠርግ ለሚሄድ ወታደር ግን በፍጹም አልመክርም። ከዋሽንግተን ዳለስ ቀጥታ ግቡ። ሙሽራው «አውሮፕላኑ ጭነት ተጨምሮበት ነው» ብትሉት አይገባውም።

አንድ ነገር አትርሱ፦ በጦሩ አውሮፕላን ራምስታይን ገብታችሁ በሲቪል አውሮፕላን የምትወጡ ከሆነ፣ ስትገቡ የጀርመን ድንበር ፖሊስ መግቢያችሁን መመዝገቡን አረጋግጡ። አለዚያ ፍራንክፈርት ላይ «መቼና በየት ገባህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃችኋል።

ሚስቴ ግሪን ካርድ ያላት ኢትዮጵያዊት ናት። ችግር አለው?

አለው፣ ግን መፍትሔ አለው። ወታደራዊ መታወቂያዋ አውሮፕላኑ ላይ ያወጣታል። ጀርመን የሚያስገባት ግን ፓስፖርቷ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ለጀርመንም ለስፔንም የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለእንግሊዝም የእንግሊዝ ቪዛ። ተርሚናሉ ቪዛውን ካላየ አያሳፍርም። ሃዋይ፣ ፖርቶ ሪኮና ጉዋም ግን የአሜሪካ ስለሆኑ ቪዛ የለበትም። ዜግነቷን እስክታገኝ ድረስ ሃዋይን ማየት ምን ነውር አለው?

አገር ቤት ሰው ቢሞትብኝስ?

ለዚህ አንደኛው ምድብ አለ። የጦር ክፍላችሁ ወሬውን በአሜሪካ ቀይ መስቀል በኩል ማረጋገጥ ስለሚፈልግ፣ አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ የሟቹን ስም፣ ሆስፒታሉን ወይም ቀብሩን የሚያስረዳ ሰው ስልክ ያዘጋጅላችሁ። የአክስት ልጅ ስትላኩ እንግሊዝኛ የሚችለውን ላኩ።

የኛ ቀብር ግን አይጠብቅም። በማግስቱ ይቀበራል። አንደኛ ምድብም ብትሆኑ፣ አውሮፕላኑ ቦሌ አይሄድምና ለቀብር አያደርሳችሁም፤ ለሰልስትም ያጠራጥራል። ቲኬት ግዙ። ውጭ አገር ቤዝ ላይ የምታገለግሉ ከሆነ በአስቸኳይ ፈቃድ ጊዜ መንግሥት የጉዞውን ወጪ የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ስፔስ-ኤ ከማሰባችሁ በፊት ስለሱ አዛዣችሁን ጠይቁ። ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ከሆነ ደግሞ ጊዜ ስላለ ሌላ ጨዋታ ነው።

መሃል መንገድ ላይ ብቀርስ?

በራሳችሁ ናችሁ። ጦሩ የመመለስም የማሳደርም ግዴታ የለበትም። አውሮፕላኑ ቢበላሽ፣ መንገዱን ቢቀይር፣ ለሥራ የሚሄድ ሰው መጥቶ ወንበሩን ቢፈልግ ትወርዳላችሁ። አንድ ጊዜ ከተሳፈራችሁ በኋላ ሌላ ስፔስ-ኤ ተሳፋሪ፣ ምድቡ ከእናንተ ቢበልጥም፣ ሊያወርዳችሁ አይችልም። ለሥራ የሚሄድ ግን ይችላል።

ስለዚህ የመመለሻ ቲኬት የሚገዛ ገንዘብ በካርዳችሁ ላይ ይኑር። ደንቡም ይጠይቃል። በሥራ ላይ ላለ ወታደር ይህ ቀልድ የለውም፦ ፈቃዱ እሑድ አልቆ እሱ ስፔን ሮታ ቤዝ ላይ ሰው እየለመነ ከሆነ፣ «አውሮፕላን አጣሁ» የሚለውን ሳጅኑ አይሰማም። ፈቃዱ ሊያልቅ ሦስት አራት ቀን ሲቀር መንገድ ካልተገኘ፣ ቲኬት መግዛት ነው።

ቤዝ ውስጥ ማደሪያ አለ፤ ከውጭ ሆቴል ይረክሳል። ራምስታይን ላይ ከተርሚናሉ ብዙም አይርቅም፣ ግን ቶሎ ይሞላል።

እርጉዝ ነኝ። ሕፃንስ መውሰድ ይቻላል?

እስከ 34ኛው ሳምንት ያለ ሐኪም ፈቃድ ይቻላል። ስድስት ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ግን የሐኪም ወረቀት ይፈልጋል። ውሻና ድመት አይሳፈሩም።

በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ጭኜ ልመለስ?

ለቤታችሁ ከሆነ እንደማንኛውም መንገደኛ በጉምሩክ ታልፋላችሁ። የወታደር አውሮፕላን ስለሆነ ፍተሻ የለም የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ቋንጣ ሥጋ ስለሆነ ይያዛል፤ እናት ስንት ቀን አድርቃ የላከችውን ቆሻሻ ውስጥ ሲጥሉት ማየት ያማል፣ ስለዚህ ከመነሻው አታምጡት። ለሽያጭ ማመላለስ ደግሞ በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ስፔስ-ኤ ለንግድም ለግል ትርፍም አይፈቀድም። አምስት ኪሎ በርበሬ ማንም አይጠይቃችሁም። ሁለት ሻንጣ ሙሉ ከሆነ ግን «ለቤቴ ነው» የሚለውን ማን ያምናል?